ከሞተሩ ጀርባ ያለው ቢጫ መስመር

ነጯ መኪና ከዋናው መንገድ ወደ ጋራዡ ስትታጠፍ አቪኔሽ ቀና ሳይል ያውቃታል። ሌሎቹ መኪኖች አቧራ አስከትለው ይገባሉ። እሷ ግን በኮፈኗ ጠርዝ ስስ ነጭ እንፋሎት እየለቀቀች፣ ቀስ ብላ፣ በሕልም እንደሚሄድ ሰው ነው የምትገባው። ከእንፋሎቱ ጀርባ ደግሞ መሪውን በሁለት እጇ የያዘች አርቲካ ትታያለች።

እንዲህ መሆን ከጀመረ ሦስት ሳምንት ሆነው። በሦስቱ ሳምንታት መኪናዋ አምስት ጊዜ መጥታ አምስት ጊዜ ውሃ ተሞልቶላት ሄዳለች። ውሃው የት እንደሚገባ ግን የሚያውቅ አልተገኘም። ከሥሯ መሬቱ ላይ አንዲት ጠብታ አይታይም። አቪኔሽ መጀመሪያ የራዲያተሩን ክዳን ቀየረ። ቀጥሎ ሁለቱን የጎማ ቱቦዎች በአዲስ ተካ፣ ማሰሪያዎቹን አጠበቀ። ውሃው ወደ ዘይቱ ገብቶ እንደሆነ ብሎ መለኪያውን መዞ አየ፤ ዘይቱ ንጹሕ ነው። ከጭስ ማውጫው ከማርሚታው ነጭ ጭስ አይወጣም፤ ስለዚህ የሞተሩን ራስ የሚያሽገው ጓርኒሲዮንም ደህና ነው። ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ በእጅ ፓምፕ አየር ሞልቶ ግፊቱን ለካ። የመለኪያው ቀስት ሩብ ሰዓት ሙሉ ከቦታው አልተነቃነቀም። በአራተኛው ቀን ውሃው እንደገና አለቀ።

«ይቺ መኪና ትጠጣዋለች እንጂ አታፈስም» ይላል ሳኪዩሳ፣ በጋራዡ ጥግ ብየዳ የሚሠራው ግዙፍ ሰው። «ወይ ደግሞ ባለቤቷ መንገድ ላይ እየቆመች ትደፋዋለች።»

«ለምን ብላ ትደፋዋለች?»

«እዚህ ለመምጣት ነዋ! አንተ ሰው፣ ሞተር ብቻ ነው እንዴ የሚገባህ?»

«ዝም በል፣ ትሰማሃለች።»

«ትስማ። አንድ ሰው እንኳ ይንገራት።»

አቪኔሽ ጆሮው እስኪግል ድረስ ቀልቶ አንገቱን ኮፈኑ ሥር ይደብቃል። ልቡ የሚያውቀውን አፉ አውጥቶ አያውቅም። ደግሞስ ምን ብሎ ያወጣዋል? አርቲካ የመምህሩ የማስተርጂ ዳያናንድ ልጅ ናት። ማስተርጂ በፊጂዋ ትንሽ ከተማ በታቩአ ሠላሳ አንድ ዓመት አስተምረዋል፤ የሳሎናቸው ግድግዳ ወደ ኦክላንድ፣ ወደ ብሪዝበን፣ ወደ ቫንኩቨር በበረሩ ተማሪዎቻቸው ፎቶግራፍ ተሞልቷል። አቪኔሽም ተማሪያቸው ነበር። ከስድስተኛ ክፍል በኋላ ግን አባቱ ሸንኮራ ሲቆርጥ ወድቆ ሞተ፤ እሱም ደብተሩን አስቀምጦ መፍቻ አነሳ። ያን ጊዜ ማስተርጂ ቤቱ ድረስ መጥተው፣ «ፊደል የማይሳሳት ልጅ ነበር» ብለው እናቱን ወቅሰው ሄዱ። ከዚያ ወዲህ አስፋልት ላይ ሲያልፉት ራሳቸውን ነቅነቅ ያደርጋሉ፤ ሰላምታ ይሁን ሐዘን እስከ ዛሬ አልለየለትም።

ጉልበታቸው ከታመመ ወዲህ መኪናዋን የምትነዳው አርቲካ ናት። እሳቸው ደግሞ ሕግ አውጥተዋል፤ በመኪናዋ ላይ የሚሆነው ሁሉ በደብተር ይጻፍ። ደብተሩ ከመሪው አጠገብ ባለው ሳጥን ውስጥ ይኖራል። እሷ የታዘበችውን ትጽፋለች፣ አቪኔሽ ያደረገውን ይጽፋል፣ ማስተርጂ በየእሁዱ በቀይ ብዕር ያርማሉ።

«ሰኞ» ብላ ጻፈች በመጀመሪያው ሳምንት። «ዳገቱ ላይ ሞቃት። ማንጎ ዛፍ ሥር አቁሜ እስክትቀዘቅዝ ጠበቅኩ። የሸንኮራው ባቡር ሲያልፍ አየሁ። ጥሩ ጠዋት ነበር።»

አቪኔሽ መልሱን በቁርጥራጭ ወረቀት ላይ ሦስት ጊዜ ከጻፈ በኋላ ነው ወደ ደብተሩ የገለበጠው። «ክዳኑ ተቀይሯል። ዳገቱ ላይ በዝግታ ይነዳ። ማንጎው ሥር ጥላ ስላለ እዚያ መቆሙ ጥሩ ነው።»

የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ሌላ ሰው ቢያያት ስለ ጥላ ናት። እሱ ግን ያቺን ለመጻፍ ሌሊቱን ሙሉ አልተኛም።

ባለፈው ሰኞ አርቲካ ውሃው እስኪሞላ ከአጠገቡ ቆማ፣ ነጠላ ጫማዋን ጠጠሩ ላይ ወዲያ ወዲህ እያደረገች፣ እንዲህ አለችው።

«ሰዎች ከኦክላንድ ጽፈዋል። ልጃቸው እኔን ለትዳር ይፈልጋል አሉ። አባቴ እሁድ መልስ እጽፋለሁ ብሏል።»

አየችው። ረጅም አየችው። የመንገዱ ማዶ ሸንኮራ በነፋስ ሲተኛና ሲነሳ ይሰማል። አቪኔሽ አፉን ከፈተ፤ በዓለም ላይ ካሉት ቃላት ሁሉ የወጣለት ይኸው ነበር፦

«የታችኛውን ቱቦ... እስኪ እንደገና ልየው።»

አርቲካ ዓይኗን መለሰች። መኪናዋ ከሄደች በኋላም ያ መመለስ ድምፅ ያለው ይመስል በጆሮው ሲያስተጋባ ዋለ።

*

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ መኪናዋ እንደ ማንቆርቆሪያ እያፏጨች ገባች። አርቲካ ወርዳ ቁልፉን ልትሰጠው እጇን ዘረጋች።

መዳፏ ቢጫ ነበር።

ቢጫው ጣቶቿ መካከል ገብቶ፣ ጥፍሮቿን አቅልሞ፣ እስከ አንጓዋ ድረስ ደርሷል። እርድ ነው። አቪኔሽ ሦስት እህቶቹን ድሯል፤ ሙሽራ ከሠርጓ በፊት ሴቶች ከብበው እየዘፈኑ እርድ ሲቀቧት አይቷል። ያን ቀለም ያውቀዋል።

ነገሩ ተፈጽሟል ማለት ነው። እሁድን እንኳ አልጠበቁም። እሱ ቱቦ ሲያይ ሌላው ሙሽራ አገኘ።

 ቁልፉን ጣቷን ሳይነካ ተቀበለና ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ፣ «ግድ የለም፣ እህቴ። አየዋለሁ» አላት።

በእነሱ፣ በፊጂ ሕንዶች ሰፈር፣ ወንድ ሴትን በቁም ነገር «እህቴ» ብሎ ከጠራ ቃሉ በር ይዘጋል። በነሐሴ ሙሉ ጨረቃ እህቶች የወንድሞቻቸው አንጓ ላይ ክር ያስራሉ፤ ክሩ የታሰረለት ሰው ይጠብቃታል፣ ይድራታል፤ ሌላ ነገር ግን አያስብም።

አርቲካ ባለችበት ደርቃ ቀረች።

«ምን አልከኝ?»

«አየዋለሁ አልኩ።»

«ከዚያ በፊት ያልከውን ነው የጠየቅኩህ።»

ቁልፉን በጣቶቹ መካከል አዟዟረ። 

«ጥሩ» አለች ቀስ ብላ። «እንግዲያ በነሐሴ ክር ይዤ እመጣለሁ፣ ወንድሜ። ምን ዓይነት ይሻልሃል? ቀይ ነው ወይስ ወርቅማ?»

«አርቲካ...»

«አባቴ ምን እንዳለ ልንገርህ። ያ ልጅ እስከ ቅዳሜ ካላገኘው ሰኞ መኪናዋ ላውቶካ ከተማ ወዳለው ትልቅ ጋራዥ ትሄዳለች ብሏል። ሦስት ሳምንት ሙሉ ስከራከርልህ ነበር። ይችላል፣ ታገሰው፣ እያልኩ!» ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ ወረወረች። «ሞኝ ነኝ እኔ።»

ወደ መንገዱ ወጣች። ጎኑ ክፍት የሆነው የታቩአ አውቶቡስ ሲመጣ ተሳፈረችና ጀርባዋን ለጋራዡ ሰጥታ ተቀመጠች። አቪኔሽ አውቶቡሱ በሸንኮራው ኩርባ ላይ እስኪጠፋ ድረስ ቆመ። ቁልፉ በእጁ ውስጥ ሞቆ ነበር፤ የሷ ሙቀት ይሁን የሱ አላወቀም።

*

ዓርብ ጠዋት ሳኪዩሳ ካሳቫውን በሻይ እየበላ ጓደኛውን ያጠናዋል። በመጨረሻ አላስቻለውም።

«ሰው ሞተብህ?»

«እየተዳረች ነው።»

«ማን አለ?»

«እጇን አይቻለሁ።»

ሳኪዩሳ ትከሻውን ሰበቀ። «እሺ። መኪናዋ ግን አልተዳረችም። ነገ ቅዳሜ ነው።»

አቪኔሽ ሊሠራ ተነሣ። ሌላው ሁሉ ቢጠፋ ሥራው አለ፤ አርቲካ ትሂድ፣ ግን መኪናዋ ደህና ሆና ትሂድ። እስከ ዛሬ ቀዳዳውን የፈለገው ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ እንደነበር ትዝ አለው። ውሃ ሞልቶ ሞተሩን አስነሳና ደጋግሞ ነዳጅ እየሰጠ እስኪግል ድረስ አቆየው። ከዚያ ሳኪዩሳ ጺሙን የሚላጭባትን ትንሽ መስታወት በእንጨት ጫፍ አስሮ፣ በባትሪ እያበራ፣ እጅ ወደማይገባበት ወደ ሞተሩ ጀርባ ቀስ ብሎ አስገባት።

በመስታወቷ ውስጥ ጨለማ፣ አሮጌ ሽቦና ጥቁር አቧራ ታየው። ከዚያ፣ እዚያ ጨለማ ውስጥ፣ ቢጫ መስመር።

ከአንድ የብረት ቱቦ ወገብ ተነስቶ፣ እንደ ክር ቀጥኖ፣ ከሥሩ ወዳለው የጋለ የጭስ ማውጫ ብረት ይወርዳል። እያየው ከቱቦው እንደ ትንፋሽ የሳሳ ጭጋግ ብቅ አለ፤ ብረቱን ሲነካ ጠፋ። መሬት ሳይደርስ ተነነ። ሦስት ሳምንት ሙሉ የተሸሸገው ይኸው ነበር።

ሞተሩን አጥፍቶ ረጅም ሽቦ አስገባና ቢጫውን ፍቆ አወጣ። አሸተተው።

የወጥ ቤት ሽታ አለው።

«ሳኪ» አለ። «ይሄ እርድ ነው።»

«ራዲያተር ውስጥ?»

አቪኔሽ ወደ መኪናዋ ውስጥ ገባ። ከትናንት ጀምሮ ሊነካው ያልደፈረውን ሳጥን ከፍቶ ደብተሩን አወጣ። በመጨረሻው ገጽ፣ ቀይ ብዕር ገና ያላየው፣ በችኮላ የተጻፈ የእርሳስ ጽሑፍ ነበር።

«ሐሙስ። ጎረቤታችን እርድ ቀዳዳ ይደፍናል አለችኝ። ሙቅ ውሃ ውስጥ በእጄ በጥብጬ ሦስት ማንኪያ ጨመርኩ። ከደፈነ አባቴ መኪናዋን ላውቶካ አይወስዳትም፤ መካኒኩም አልቻለም አይባልም። ቀለሙ ከእጄ አልለቅ አለኝ።»

አነበበው። እንደገና አነበበው። ጋራዡ፣ ቆርቆሮው፣ ማዶ ያለው ሸንኮራ፣ ሁሉም በእንባ ውስጥ ተንሳፈፉ። ያ ቢጫ እጅ ለሌላ ሰው ሠርግ የተቀባ አልነበረም። የእሱን ስም ለማዳን በሙቅ ውሃ ውስጥ የገባ እጅ ነበር። እሱም ያን እጅ አይቶ እህቴ አለ።

ሳኪዩሳ ከትከሻው በላይ አሻግሮ አንብቦ ሲጨርስ ሆዱን ይዞ ሳቀ።

«አንተ ደግሞ! እኔ ፊጂያዊው እንኳ አውቃለሁ። እርድ የተቀባች ሙሽራ ከቤት ትወጣለች? መኪና ነድታ ጋራዥ ትመጣለች? ፊቷስ ቢጫ ነበር?»

«አልነበረም።»

«እና?»

«እጇን ብቻ ነው ያየሁት።»

ሳኪዩሳ መሳቁን አቆመና የብየዳ መነጽሩን ከግንባሩ አወረደ። «ቱቦውን አውጣና አምጣልኝ» አለ በለሰለሰ ድምፅ። «ዛሬ እንደፍነዋለን።»

ቱቦው ሲወጣ ውስጡ በዝገት ተበልቶ ነበር። ቀዳዳው የመርፌ ጫፍ አያክልም። ሲቀዘቅዝ ዝገቱ ይደፍነዋል፤ ሲግል ይከፈታል። ሳኪዩሳ ዝገቱን ፈቅፍቆ በነሐስ በየደው። አቪኔሽ የቀረውን እርድ ለማውጣት ሞተሩን በዝናብ ውሃ አራት ጊዜ አጠበ። የመጀመሪያው ውሃ እንደ ቢጫ ወንዝ በግቢው ወረደ፣ ሁለተኛው ገረጣ፣ አራተኛው ጠርቶ ወጣ። ያ ቀለም ከደጁ ሲፈስ እያየ ለምን እንደሆነ ሳያውቅ በዝግታ እንዲያልቅ ተመኘ።

*

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ማስተርጂ ዳያናንድ በረንዳቸው ላይ፣ ታማሚ እግራቸውን በርጩማ ላይ አድርገው፣ ያልተጻፈበት ወረቀትና ቀይ ብዕር ይዘው ተቀምጠው ነበር። አቪኔሽ መኪናዋን ግቢው ውስጥ ካለው ማንጎ ሥር አቁሞ ወጣ። ንጹሕ ሸሚዝ ለብሷል፤ ጸጉሩን በውሃ አስተኝቷል።

«ተገኘ?» አሉ።

«ተገኘ፣ ማስተርጂ።»

«የታለ ደብተሩ?»

በሁለት እጁ ሰጣቸው። መነጽራቸውን አስተካክለው ማንበብ ጀመሩ። ከቤቱ ውስጥ የመጥረጊያ ድምፅ ይሰማ ነበር፤ ድንገት ቆመ።

ደብተሩ ላይ የተጻፈው እንዲህ ይላል።

«ዓርብ። ውሃው የሚወጣው ከሞተሩ ጀርባ ካለ የብረት ቱቦ ነው። ሲወጣ በጋለ ብረት ላይ ስለሚተን መሬት አይደርስም። ቱቦው የዛገው በጉድጓድ ውሃ ነው፤ ጨው አለበት። እኔም ሦስት ሳምንት ከጋራዡ ጉድጓድ እየቀዳሁ ሞልቻለሁ። ይህ የእኔ ጥፋት ነው። ቱቦው ተበይዷል፣ ሞተሩ ታጥቧል፣ ትክክለኛው የራዲያተር ፈሳሽ ተሞልቷል።

ቀዳዳውን ያገኘሁት በራሴ ብልሃት አይደለም። አርቲካ የጨመረችው እርድ መንገዱን አሳየኝ።

ሌላም ጥፋት አለብኝ። ሐሙስ እጇን ቢጫ ሆኖ ሳየው ለሠርጓ የተቀባች መሰለኝ። ከሐዘኔ ብዛት እህቴ ብዬ ጠራኋት። ከልቤ አልነበረም። ከልቤ ያለውን ለመናገር ድፍረት አጥቼ ብዙ ጊዜ ስለ ቱቦ አወራሁ። አሁን ልጻፈው። አርቲካን እወዳታለሁ። ማስተርጂ ይህን እንደሚያነቡት አውቄ ነው የጻፍኩት።»

ማስተርጂ አንብበው ጨረሱ። ቀዩ ብዕር ከገጹ በላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። 

«ሦስት ሳምንት መኪናዬን ጨው አጠጣሃት?»

«አዎ፣ ማስተርጂ።»

«ማንም ሳይጠይቅህ ይህን ጻፍክ?»

«እውነት ስለሆነ ነው።»

ሽማግሌው መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን አሹ። «ይሄን ሁሉ ልጅ አስተማርኩ» አሉ፣ ከእሱ ይልቅ ለማንጎው ዛፍ የሚናገሩ ይመስል። «ጎበዞቹ ሁሉ በአውሮፕላን ሄዱ። ፎቷቸውን ሰቅዬ እኮራለሁ። ጥፋቱን በገዛ እጁ ጽፎ ያመጣልኝ ተማሪ ግን አላስታውስም።» ከዚያ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። «አርቲካ! በሩ ጀርባ መቆምሽን አውቃለሁ። ነይ።»

አርቲካ መጥረጊያውን እንደያዘች ወጣች። ዓይኗ ቀልቷል። አቪኔሽን አላየችውም።

«የኦክላንዱን መልስ ልጽፍ ነበር» አሉ አባቷ። «መጀመሪያ ይሄ ይታረም። ስህተቱ የተሠራው በአንቺ ላይ ነው፤ እኔ ላርመው አልችልም።» ደብተሩንና ቀዩን ብዕር ዘረጉላት።

ቆማ አነበበች። አንዴ ከንፈሯ ሊስቅ ሲል ተመለሰ። ገጹ ግርጌ ስትደርስ ወደ ላይ ተመልሳ እንደገና አነበበች።

«ስለ ቱቦ!» አለች በመጨረሻ፣ እንባዋ እየወረደ። «ሰው ልቧን ይዛ ቆማ እያለች፣ ስለ ታችኛው ቱቦ!»

«ይቅርታ አድርጊልኝ» አላት።

ብዕሩን ገና ቢጫው ባልለቀቀው ጣቷ ያዘች። ጎንበስ ብላ «እህቴ» በሚለው ቃል ላይ አንድ ቀይ መስመር፣ ቀጥ ያለ፣ ከዳር እስከ ዳር አሰመረች። ከዚያም ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ አየችው።

ማስተርጂ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እሺ። ሥራው ግን አልተፈተነም። ዳገቱን ወጥታችሁ ተመለሱ። አርቲካ፣ ሙቀቱን የምትቆጣጠሪው አንቺ ነሽ። እኔ ደግሞ ከዚህ ሆኜ አያችኋለሁ፤ እግሬ ነው እንጂ ዓይኔ አልታመመም!»

አቪኔሽ መሪውን ይዞ፣ አርቲካ ከጎኑ ተቀምጣ፣ መኪናዋ ዳገቱን ጀመረች። በቀኝም በግራም ሸንኮራው አብቦ፣ ብርማ ጫፉ በከሰዓት ፀሐይ ውስጥ እየተወዛወዘ፣ መኪናዋ በብርሃን ላይ የምትንሳፈፍ ትመስል ነበር። መተያየት ስለፈሩ ሁለቱም አንዲቱን ትንሽ የሙቀት ቀስት አፍጥጠው ያያሉ። ቀስቷ መሃል ላይ ደረሰች። እዚያው ቆመች። የዳገቱን ማንጎ ዛፍ አለፉ፣ ኩርባውን አለፉ፤ አልተነቃነቀችም።

ጫፉ ላይ ሲደርሱ አርቲካ ዓይኗን ከቀስቷ ሳትነቅል በሁለቱ ወንበሮች መካከል መዳፏን ወደ ላይ አድርጋ አኖረች። አቪኔሽ ክር ያልታሰረበትን እጁን ከመሪው ላይ አነሳ። የእርድ ሽታ መኪናዋን ሞላው፤ ሙቅ፣ የቤት ሽታ፤ እሱም ከዚያ ቀን በፊት በዚያ መንገድ አልፎ የማያውቅ መሰለው።